የተቆረጡት ሦስት ሰከንዶች

ሙኒባ ዴቪድስ ቁርጥራጭ መጣል አይሆንላትም። ሶልት ሪቨር ሰፈር የነበረው የሸሚዝ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እጅጌ ስትገጥም ኖራለች፤ ከመቀስ ሥር የሚወድቀውን ጨርቅ ሌሎቹ ሴቶች በመጥረጊያ ሲገፉት እሷ በፌስታል ታጭቀው ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የልብ ላቦራቶሪ ገባች። መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ ቀጥሎ ዕቃ አጣቢ፣ ከዚያ ሰው የጠፋ ዕለት ማይክሮስኮፕ ላይ አስቀመጧት፤ እጇ ስለማይንቀጠቀጥ እዚያው ቀረች። አመሏም አብሯት ገባ። ከቀረጻ ላይ እየቆረጠች የምታወጣውን ትርፍራፊ አታጠፋም፤ «ቁርጥራጭ» ብላ በከፈተችው ፎልደር ታስቀምጠዋለች። ተማሪዎቹ ሳቁባት፣ ሳቁባትና ለመዱት።

የሚቆረጠው የእያንዳንዱ ቀረጻ የመጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ነው። የላቦራቶሪው ሕግ ነው፤ ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። ድሮ በነበረው ማይክሮስኮፕ መብራቱ ሲከፈት ምስሉ ይርገበገብ ስለነበር፣ እስኪረጋ ያለው አይረባም ተባለ። አሮጌው ማይክሮስኮፕ ተጣለ፤ በሰከንድ አምስት መቶ ምስል የሚያነሳው አዲሱ ገባ፤ ሕጉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ሕዋሱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ዓይኑን እስኪያሽ ነው» ይላሉ ተማሪዎቹ። ሙኒባም ቀረጻውን ትከፍታለች፣ ሦስቱን ሰከንድ ትቆርጣለች፣ የቀረውን ለላቦራቶሪው ኃላፊ ለፕሮፌሰር ሎምባርድ ትልካለች። በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ እንዲህ ታደርጋለች።

ከነዚያ ቀረጻዎች አንዱ የኖሉቮ ነው። ኖሉቮ የወደብ ክሬን ነጂ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ በአርባ ስድስት ዓመቱ ላንጋ ሰፈር ታክሲ ሲጠብቅ በቆመበት ወድቆ ሞተ፤ ልቡ ነው ተባለ። የወደቡ ሐኪም ይህን ሰምቶ አስመረመራት፤ ምንም አልተገኘባትም። ያም ሆኖ ለጥናት ደም እንድትሰጥ ወደ ላቦራቶሪው ላካት። እዚያ ከሰው ደም የልብ ሕዋስ ይሠራሉ፤ አምስት ወር ይፈጃል፤ ከአምስት ወር በኋላ ሕዋሱ ሳህን ላይ ሆኖ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይመታል። ቀለም ይጠጣል፤ በመታ ቁጥር ቀለሙ ቦግ ይልና ካሜራው ያንን ያነሳል።

ደም የሰጠች ዕለት ሙኒባን እንደ አክስት «አንቲ» እያለች ብዙ ተሳስቀዋል።

«አንቲ፣ ልቤ ሳህን ላይ መምታት ሲጀምር ይደውሉልኝ። መጥቼ ሰላም እለዋለሁ።»

«ልብሽን ሰላም ብትዪው ምን ሊመልስልሽ?»

«ይመልሳል! ‹እስካሁን የት ነበርክ? የሥራ ሰዓት ነው!› ብዬ ስጮህበት ይመልሳል። ወደብ ላይ ሁሉም የሚፈራኝ ለምን ሆነና።»

«ከላይ ሆነሽ ነዋ። ከዚያ ላይ ማን ይደርስብሻል?»

«አንቲ፣ አንድ ቀን ይዤዎት ብወጣ ደስ ባለኝ። ሰው ሁሉ ጉንዳን ያክላል። አለቃዬ እንኳ ከዚያ ሲታይ ያሳዝናል።» የስልክ ቁጥሯን በሙኒባ ስልክ ላይ ራሷ ጻፈችላትና ሄደች።

መጋቢት ላይ ሕዋሶቿ ተቀረጹ፤ ሙኒባ ሦስት ሰከንዷን ቆርጣ ላከች። ውጤቱ ክፉ ነበር። ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚህም ከዚያም ቦግ ይላል። እዚህ ላይ ጥናት ጥናት ነው፤ ማንም ሰው በሳህን ላይ ሕዋስ አይፈረድበትም፤ ሕመምተኞቹም የሚፈርሙት ወረቀት ይህንኑ ይላል። ሎምባርድ ግን በሽተኛ ናት ብሎ ለሐኪሟ ደብዳቤ ጻፈ። ለምን ጻፈ? ለነፍሷ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ሊያሳትም ባዘጋጀው ጽሑፍ መጨረሻ «ግኝታችን የአንዲትን ሕመምተኛ ሕክምና ለውጧል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሊሰካ ፈልጎ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ተሰካች። ኖሉቮም ከክሬን ወርዳ መጋዘን ውስጥ የራስ መከላከያ ቆብ ታድል ጀመር። ልብ ሲስት በኤሌክትሪክ የሚመታ መሣሪያ ከግራ የአንገት አጥንቷ ሥር ሊቀበርላት ለሰኔ ሃያ፣ ለሐሙስ፣ ቀጠሮ ተያዘ። የወደቡ ደንብ ደግሞ ፍርጥ ያለ ነው፤ ደረቱ ውስጥ መሣሪያ የገባበት ሰው ክሬን ላይ አይወጣም፤ ኋላ ቢነቀልለትም አይወጣም።

ሐሙስ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሎምባርድ ከጽሑፉ ጋር የሚወጣ የአሥር ሰከንድ ፊልም ከኖሉቮ ሕዋስ እንድታወጣለት ሙኒባን አዘዛት። የተረፈው ቀረጻ ሰባት ሰከንድ ብቻ ነው። ሙኒባ ልብስ ሲያጥር ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ ቁርጥራጯን ፈልጋ ልትቀጥልበት ከፈተችው።

ብርሃኑ ከሕዋሱ ዳር ተነስቶ እስከ ዳር ድረስ አንድ ጊዜ ሄደና ጠፋ። ትንሽ ቆየ። እንደገና መጣ፣ ሄደ፣ ጠፋ። ደህና ነበር። ሰዓት እንኳ እንደዚያ አይመታም። ሦስተኛው ሰከንድ ሊያልቅ ሲል ብቻ መንገዳገድ ጀመረ።

«የሌላ ሰው ነው» አለች ሙኒባ ለብቻዋ። ቁጥሩን አየች፤ የኖሉቮ ነው። ከየካቲት ወዲህ የተቀረጹትን የሌሎቹን ሕመምተኞች ቁርጥራጭ ከፈተች። ከአርባ አንዱ ቀረጻ አርባ አንዱም ጤነኛ ሆኖ ይጀምርና ሦስት ሰከንድ ሳይሞላው ይታመማል። ለማነጻጸሪያ የተቀረጹት የጤነኞቹ ሰዎች ሕዋሶች ግን መጀመሪያም መጨረሻም ደህና ናቸው፤ እነሱ የተቀረጹት ጥር ላይ ነው። እንግዲህ በጥርና በየካቲት መካከል የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ፋብሪካው ውስጥ መስኮት ሥር የተረሳ ሰማያዊ ሸሚዝ አንድ ትከሻው ብቻ ነጥቶ ስንቴ አይታለች። ብርሃን ይበላል። ይህ ካሜራ ደግሞ ከሰው የዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል፤ በዚያች ቅጽበት ምስል እንዲወጣለት ኃይለኛ ብርሃን ይፈልጋል፤ ኃይለኛ ብርሃን ሕይወት ያለውን ነገር ይጠብሳል። ለዚህ ነው ብርሃኑን በሚረጨው ሌዘርና በሕዋሱ መካከል ማደብዘዣ መስታወት የሚገባው፤ ጥፍር የምታክል ጥቁር መስታወት። ሙኒባ የማይክሮስኮፑን ክዳን ከፈተች። መስታወቷ የለችም።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። የካቲት ላይ የባህር ማዶ እንግዶች መጥተው ነበር። ሎምባርድ ግድግዳው ላይ በትልቁ ሊያሳያቸው ሲል ምስሉ ደብዘዝ አለበትና «ይህቺን ላንሳት፣ እንዲያበራ» ብሎ መስታወቷን በጣቱ ሲያወጣ እዚያው ቆማ አይታዋለች። እንግዶቹ «ዋው!» አሉ፤ እሱም ደረቱን ነፋ። አጨብጭበው ሄዱ። መስታወቷን መልሶ ያስገባት የለም። ሙኒባ ፈልጋ ከሌንስ ሣጥኑ ግርጌ አገኘቻት፤ ጠርጋ ወደ ቦታዋ መለሰቻትና የኖሉቮን ሕዋስ ከማሞቂያው አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አኖረችው። ምስሉ ጨለም አለ እንጂ ሕዋሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ምት አልሳተም። መስታወቷን አወጣቻት፤ በአራተኛው ሰከንድ አበደ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሎምባርድ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ሁሉንም አሳየችው። እስከ መጨረሻው አየ። ጨዋ ሰው ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ አልጮኸም፣ አልካደም።

«ዓይንሽ እንዴት ያለ ነው ሙኒባ! አራት ዶክተር ያላየውን!»

«ፕሮፌሰር፣ ልጅቷ በሚመጣው ሐሙስ ትቀደዳለች።»

«አውቃለሁ። ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪሟ እደውላለሁ። አንቺ ግን ለማንም አትንገሪ፤ ለእሷም ጭምር። ግማሽ ወሬ ሰው ያስደነግጣል። ለእኔ ተዪው።»

ተወችለት። ይህን ማሰብ ነው ዛሬም ድረስ የሚያንገበግባት። ስልኩ ኪሷ ውስጥ፣ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ፣ ምላሷ አፏ ውስጥ እያለ ተወችለት። አርብ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ። እሑድ እንደ ሰፈሩ ልማድ ኩሲስተር የሚሉትን የሊጥ ጣፋጭ ጠበሰች፤ በሽሮፕ ነከረችው፣ ኮኮናት ነሰነሰችበት፣ ለግራ ጎረቤት ለቀኝ ጎረቤት ላከች። ልቧ ቀሎላት ስለነበር አምስቱን በሳህን ለይታ ሸፈነችው። ለማን? ለሎምባርድ!

ሰኞ ሁለተኛውን እየጎረሰ ሳለ ጠየቀችው።

«ዶክተሩ ምን አሉ?»

«የቱ ዶክተር?» አለ ጣቱን እየላሰ።

«የኖሉቮ ሐኪም። ሐሙስ እደውላለሁ ያሉኝ።»

«አሃ። አልደወልኩም። አስቤበት ነው ያልደወልኩት። እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል። አሁን አንዲት ቃል ብተነፍስ የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ። ያንቺም ልፋት ነው፤ ምስጋናው ላይ ስምሽን አስገብቻለሁ።»

«ስሜን ይፋቁት።»

«አትቆጪ። ከታተመ በኋላ ትንሽ ማስተካከያ እንልካለን፤ የተለመደ ነው። ደግሞስ መሣሪያው ምን ይጎዳታል? አባቷ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ዝናብ ባይዘንብም ጃንጥላ መያዝ ምን ክፋት አለው?»

«ጃንጥላውን ሥጋዋን ቀደው ነው እንዴ የሚከቱላት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! እርስዎ ለእንግዳ ጭብጨባ ብለው መስታወቷን አወጡ። የሰው ሕዋስ ጠበሱ። የጠበሱትን ይዘው ‹በሽተኛ ናት› ብለው ፈረሙ። ሌባ እንኳ ሰርቆ ሲወጣ ‹ቤቱ ድሮም ባዶ ነበር› ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም!»

«ይህን ሥራ ብቻዬን አልሠራሁትም ሙኒባ» አለ ሎምባርድ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ።

ፈሪ ሲጠብበት ሌላውን ይጎትታል አለች በልቧ። ሳህኗን ከፊቱ አነሳች፤ የቀሩትን ሦስት ኩሲስተሮች እያየው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠቻቸው። ምግብ ጥላ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቁርጥራጮቹ ያሉበትን የላቦራቶሪውን ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። «ንብረት ነው! ሙኒባ፣ ንብረት ነው!» ሲል በኮሪደሩ ተሰማት።

ኖሉቮ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዝናብ ይወርዳል፤ የከተማው ተራራ ከአንገቱ በላይ አይታይም። በጥናቱ ወረቀት ላይ ያለውን የቤት አድራሻዋን ይዛ ወደ ሞውብሬይ ወረደችና የላንጋ ታክሲ ያዘች። ከጎኗ የተቀመጠች ሴትዮ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፋ ስላየቻት «ምን ሆነሻል አንቲ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ሙኒባ በዚያ ሰዓት የሚያናግራትን ሰው ሁሉ ልትነክስ ደርሳ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ቀን የተቆረጠለት ሰው እያደር የሚጠራ እውነት ምን ያደርግለታል? ግን ገና ሰኞ ነው፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ ሦስት ቀን አለ። ሦስቱን ቀን እየቆጠረች፣ ሎምባርድን ምን ብላ ለኖሉቮ እንደምትነግራት ቃሉን እያሰካካች ሄደች። የእንግዶቹን ጭብጨባ አትዘልም። የላሰውን ጣት አትዘልም። አንድ በአንድ ትነግራታለች፣ አብረው ይናደዳሉ፣ ከዚያ ተያይዘው ሐኪሟ ዘንድ ይሄዳሉ።

በሩን ኖሉቮ ራሷ ከፈተች።

«አንቲ! በዚህ ዝናብ? ይግቡ፣ ይግቡ፣ በስብሰዋል እኮ!»

የወደቡን ብርቱካናማ ጃኬት በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች እንጂ አልለበሰችውም። ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ይዛለች። ሙኒባ አየችና እግሯ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ክንድሽን ምን ሆንሽ?»

«ገባሁ እኮ! አርብ ቀዶ ጥገና ገባሁ። አንድ ሰውዬ ትኩሳት ይዞት ቀረና ‹ቦታ ተገኝቷል፣ ዕድለኛ ነሽ፣ ሐሙስን አትጠብቂ› ብለው ደወሉልኝ። እኔም አንዴ ይለፍልኝ ብዬ ሄድኩ።» የጃኬቱን ጠርዝ ገለጥ አደረገች። ከአጥንቷ ሥር፣ ከፋሻው በታች፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ቆዳዋን ገፍቶ ቆሟል። «ያማል። ግን ዶክተሩ ይለመዳል አለኝ። ስልኬንም ዘግቼ ስተኛ ነው የከረምኩት። ሻይ ላፍላልዎት?»

ሙኒባ ይቀመጡ ሳትባል ተቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር፤ እንደ እንግዳ ሻዩን ጠጥታ፣ ጌታ ይማርሽ ብላ መውጣት ትችል ነበር። ላፕቶፑን አውጥታ ከፈተችው። ስለ መስታወቷ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ደብዳቤው ነገረቻት፤ በመንገድ ያሰካካችው ቃል ሁሉ ተበታትኖባት እንደነገሩ ነገረቻት። ከዚያ ቁርጥራጩን አሳየቻት።

ኖሉቮ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ አጎነበሰች። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ጠፋ፣ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ልብ ስታይ ነው። ሰላም አላለችውም።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ደህና ነው የሚመታው።»

«ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር።»

«መቼ ነው የተነሳው?»

«መጋቢት።»

«መጋቢት።» ኖሉቮ ቀና አለች። «እና መጋቢት ላይ ይሄን አይተው ነው በሽተኛ ነሽ ያሉኝ?»

«አላዩትም። ተቆርጦ ነው የሄደላቸው። መጀመሪያው ሦስት ሰከንድ ሁልጊዜ ይቆረጣል።»

«ማን ነው የቆረጠው?»

ሙኒባ አፏን ስትከፍት የሎምባርድ ስም ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከላቦራቶሪው ጀምሮ እዚያው ነበር የተቀመጠው። አልወጣም።

«እኔ» አለች።

ቧንቧው ላይ የተንጠለጠለ ጣሳ ውስጥ ዝናብ ይንጠባጠባል።

«መቼ አወቁ?» አለች ኖሉቮ።

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔን የቀደዱኝ አርብ ነው። ስልክ ቁጥሬ አለዎት አይደል? በእጄ ነው የጻፍኩልዎት።»

«እደውላለሁ ብሎኝ፣ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ…»

«እሱን አልጠየቅኩም! እሱን አላውቀውም! መልኩን አይቼው አላውቅም! ደሜን የሰጠሁት ላንቺ ነው። አንቺን ነው አንቲ ያልኩት። ሐሙስ አንዲት ቃል፣ ‹ልጄ፣ ቆዪ› የምትል አንዲት ቃል! አሁን ጅብ ከሄደ በኋላ መጥተሽ ትጮሂልኛለሽ?» ስትጮህ ሕመሙ ግራ ደረቷን ያዛትና በቀኝ እጇ ደገፈችው። ሙኒባ ልትይዛት ተነሳች።

«አትንኪኝ።»

«ኖሉቮ፣ እመሰክራለሁ። የትም ቦታ ቆሜ፣ ለሐኪምሽም፣ ለወደቡም…»

«ወደቡ አንዴ መሣሪያ የገባበትን ሰው ክሬን ላይ አያወጣም፤ ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰባት ዓመት ነው እዚያ ላይ የተቀመጥኩት።» በሩን በእግሯ ገፋችው፤ ዝናቡ እስከ ምንጣፉ ገባ። «ውጪልኝ።»

ሙኒባ ላፕቶፑን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ልትመልስ ስትል ኖሉቮ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈችበት።

«ይሄ እዚህ ይቀራል። ልቤ ነው።»

ሙኒባ የመክፈቻውን ቁጥር ነገረቻት፤ ኖሉቮ ሁለቴ አስደገመቻት። ከዚያ ቻርጀሩንም ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች።